ሾንኬ ባዶ መንደር እንዳትሆን



«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል» ይላሉ አባቶቻችን። ይህን ተረት ከልጅነቴ ጀምሬ ስሰማው ኖሬአለሁ፤ ትርጉሙ በደንብ የገባኝ ግን ባለፈው ዓመት የሾንኬን መንደር ካየሁ በኋላ ነው። እኛ የደሴና የኮምቦልቻ ተማሪዎች ስለ ቅርስ ጻፉ በተባልን ጊዜ ብዕራችን ወዲያው ወደ አክሱም፥ ወደ ላሊበላና ወደ ጎንደር ይሮጣል። መሮጡ አያስነቅፍም፤ የሚያኮሩ ሥራዎች ናቸውና። ነገር ግን ከኮምቦልቻ በማለዳ ተነሥተን በዚያው ቀን ልንደርስበት የምንችለውን ጥንታዊ የድንጋይ መንደር ስንቶቻችን እናውቀዋለን? ይህንኑ በክፍላችን ውስጥ ጠይቄ ነበር፤ ስሙን ሰምተናል ያሉት በአንድ እጅ ጣቶች የሚቈጠሩ ነበሩ፤ በዓይኑ ያየው ግን አንድም አልነበረም። እኔም ብሆን አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ብጠየቅ ከማያውቁት ወገን ነበርሁ።

ይህን ጽሑፍ ያቀረብሁት መንደሪቱን ለማወደስ ብቻ አይደለም። ላስረዳ የምፈልገው አንድ አሳብ አለኝ። ይኸውም የገጠር መንደር ጥንታዊ ቤቶች ተጠብቀው የሚቈዩት በውስጣቸው ሰው ሲኖር ነው፤ ሰው እንዲኖርባቸው ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የነዋሪው ውሃና ኑሮ ሊታሰብለት ይገባል የሚል ነው። ቅርሱ ይጠበቅ እያልን የቅርሱን ባለቤት የምንረሳው ከሆነ፥ በመጨረሻ የምንጠብቀው ባለቤት የሌለው የድንጋይ ክምር ይሆናል።

ወሎ በታሪክ ቦታ የደኸየች አገር አይደለችም። ከደሴ በስተሰሜን በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ይገኛል። ቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ታላቁን የሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉበት ስፍራ ነው። ውጫሌም በ1881 ዓ.ም. ከኢጣሊያ ጋር የተደረገው ውል የተፈረመባትና ስሙን የወሰደባት ናት። በዚያ ውል በ17ኛው አንቀጽ ምክንያት የመጣውን ጦርነትና የዐድዋን ድል ሁላችንም ተምረነዋል። በደሴ ከተማም ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ አለ፤ ስሙ እንደሚነግረን ሀብታሙም ድኻውም ሳይጠየፍና ሳይጠየፉት የሚገባበት የግብር አዳራሽ ነበር።

እነዚህ የነገሥታትና የመነኮሳት ሥራዎች ናቸው፤ ስማቸውም በመጽሐፍ ሰፍሮ ይገኛል። ነገር ግን ታሪክን የሠራው ንጉሥ ብቻ አይደለም። ገበሬው፥ ሸማኔውና ሲራራ ነጋዴው ምን ዓይነት ቤት ሠርቶ ይኖር ነበር? እንዴት ያለ ጣራ ሥር ልጆቹን አሳደገ? ለዚህ ጥያቄ የሚመልስልን መጽሐፍ ብዙ አናገኝም። የሚመልስልን ቤቱ ራሱ ነው፤ ቤቱ ከፈረሰ መልሱም አብሮ ይፈርሳል። ሾንኬን ትልቅ ቅርስ የሚያደርጋትም ይኸው ነው።

ሾንኬ የአርጎባ ሕዝብ መንደር ናት። የምትገኘው በአማራ ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን በዳዋ ጨፋ ወረዳ ውስጥ ነው። እንግዲህ ከእኛ ከደቡብ ወሎ ዞን ወሰን ወጣ ያለች ናት፤ ስለዚህ እኛን አትመለከተንም የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን የቦርከና ወንዝ የዞን ወሰን አያውቅም፤ በደሴ አጠገብ አልፎ፥ ኮምቦልቻን አቋርጦ ወደ ጨፋ ሜዳ ይወርዳል። የገበያውና የትምህርቱ መንገድም ከጥንት ጀምሮ እንደዚሁ ነበር። የአርጎባ ሰዎች በሽመናቸውና በንግዳቸው የታወቁ ናቸው። ታላቁ የእስልምና ሊቅ ሼህ ጀውሃር ሐይደር የኖሩትና ያስተማሩትም በሾንኬ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድ በ19ኛው መቶ ዓመት ስለ ነበረው የወሎ እስልምና ጽፈው በፈረንጅ አቈጣጠር በ2001 ያሳተሙት መጽሐፍ፥ በአገራችን ገጠሮች ምን ያህል የትምህርት ማዕከሎች እንደ ነበሩ ያስረዳል። ሼሁም ካህኑም በየመንደሩ ያስተምሩባት የነበረች አገር ናት ወሎ።

ባለፈው ዓመት በፋሲካ ዕረፍት አጎቴ ለንግድ ወደ ከሚሴ ሲወርድ ይዞኝ ሄደ። ሐርቡን አልፈን ጨፋ ሜዳ ስንደርስ ሙቀቱ ደሴ ለለመደ ሰው የሚያስቸግር ነበር። አጎቴ ጉዳዩን ከጨረሰ በኋላ በሾንኬ የሚያውቃቸው ደንበኞች ስለ ነበሩት አብሬው ወጣሁ። የመጨረሻው መንገድ በእግር የሚወጣ ዳገት ነው።

መንደሩ በተራራው ላይ ተቀምጦ ከሩቅ ሲያዩት ከተራራው ድንጋይ ጋር አንድ ይመስላል። ቀርበው ሲያዩት ግን ድንጋዩ ግድግዳ፥ ግድግዳውም ቤት ሆኖ ይለያል። ቤቶቹ ተጠጋግተው የተሠሩ ናቸው። ግድግዳቸው ድንጋይ በጭቃ እየተያያዘ የተገነባ ወፍራም ግንብ ነው። ጣራቸው እንደ ጎጆ ሾጣጣ ሳይሆን ዝርግ ነው፤ በምሰሶና በወራጅ እንጨት ላይ አፈር ተደልድሎ የተሠራ ነው። ከውጭው ሙቀት ወደ ውስጥ ስገባ የተሰማኝን ቅዝቃዜ እስካሁን አልረሳውም። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳና የአፈር ጣራ የቀኑን ሙቀት ቶሎ አያስገባም፤ ሌሊት ሲበርድ ደግሞ የያዘውን ሙቀት ቶሎ አይለቅም። ይህን በፊዚክስ ትምህርት ተምረነዋል፤ እነዚያ ግንበኞች ግን ፊዚክስ የሚባል ትምህርት ሳይኖር ሠርተውበታል። ሽማግሌዎቹ መንደራቸው ከ900 ዓመት በላይ እንደ ሆናት ከአባቶቻቸው የሰሙትን ይናገራሉ።

አንድ አዛውንት የቤታቸውን ጣራ ሲያበጁ አገኘኋቸው። የበልጉ ዝናብ አፈሩን አንዳንድ ቦታ ሰነጣጥቆት ኖሮ ክረምት ሳይገባ አዲስ አፈር እየጨመሩ ይደለድሉ ነበር። ሰላምታ ሰጥቼ፥

«አባባ፥ ቤቱን ማን ሠራው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«የአባቴ አባት ናቸው የሠሩት። እኔ ያው እንደምታየው ጠባቂ ነኝ» አሉኝ።

«በየዓመቱ እንዲህ ያደርጉታል?»

«አንድ ክረምት ከተውኩት ያፈስሳል፤ ሁለት ክረምት ከተውኩት እንጨቱ ይበሰብሳል፤ ሦስተኛውን እንኳ አልነግርህም።»

እኔም በትምህርት ቤት የሰማሁትን ሁሉ አስታውሼ፥ «አባባ፥ ይህ ታላቅ ቅርስ ነው። ማንም ሰው እዚህ ቆርቆሮ እንዳያገባ መንግሥት በሕግ ሊከለክል ይገባል» አልሁ። አዛውንቱ ሥራቸውን አቁመው ፈገግ አሉና፥

«ልጄ፥ ቤቱን ወደድኸው፤ ደግ ነው። ውሃውን ደግሞ አንድ ቀን ተሸክመህ ውጣና ከዚያ በኋላ ስለ ቆርቆሮው እንነጋገራለን» አሉኝ።

በአነጋገራቸው ጥቂት አፈርሁ፤ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ከልጅ ልጃቸው ጋር ወረድሁ። 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ሞልቼ ተሸከምሁ። ልጅቱ ከእኔ በዕድሜ ታንሳለች፤ እርስዋ በመንገድ አንድ ጊዜ ብቻ ስታርፍ እኔ አራት ጊዜ አረፍሁ። ይህን ሥራ እርስዋ የምትሠራው ለአንድ ቀን አይደለም። ስንመለስ አዛውንቱ ምንም አላሉኝም፤ ውሃ በጣሳ ቀድተው ሰጡኝ። ከልጆቻቸው ሁለቱ ከእርሻቸው አጠገብ ከታች ቤት ሠርተው ወርደዋል፤ አንዱ ደግሞ ሥራ ፍለጋ ወደ ኮምቦልቻ መጥቷል። በመንደሩ ውስጥ በር የተዘጋባቸውንና ጣራቸው የወረደውን ቤቶች ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። ቀድሞም ነበሩ፤ ዓይኔ ግን ያማሩትን ብቻ ይፈልግ ነበርና አላየኋቸውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። አያቴ በቃሉ ወረዳ ገጠር የነበራቸው የሣር ክዳን ቤት ከጥቂት ዓመታት በፊት ፈርሶ በምትኩ የቆርቆሮ ቤት ተሠርቷል። ያን ጊዜ በጣም ደስ ካላቸው የቤተ ሰባችን ልጆች አንዱ እኔ ነበርሁ። አያቴ ሣር ለመፈለግና ክዳን ለማደስ ጉልበት አልቀረላቸውም፤ ሣሩም እንደ ድሮው አይገኝም። ታዲያ ለራሴ ቤተ ሰብ ቆርቆሮ ሲገባ እልል ብዬ፥ ለሾንኬ ሰዎች ሲሆን ይከልከሉ ማለቴ ምን ዓይነት ፍርድ ነው? የራሱን ቤት በቆርቆሮ ያለበሰ ሰው የሌላውን ቤት ለጉብኝት እንዲያምርለት እንደ ድሮው ይቅር ቢል፥ ቅርስ ወዳድ ሳይሆን ራሱን ወዳድ ነው።

ይህን ካልሁ በኋላ፥ እንግዲህ ቤቶቹ ይፍረሱ ማለቴ እንዳይመስላችሁ። እንዲኖሩ እፈልጋለሁ። ስለዚህ የሚኖሩበትን ምክንያት መርምረን እናግኝ።

የአፈር ጣራ ዘላለም አይኖርም፤ የሚኖረው በየዓመቱ ስለሚታደስ ነው። በየቀኑ ምድጃ ስለሚነድድም ጢሱ ወራጁንና ምሰሶውን ያጠቁረዋል፤ ጢስ የጠጣ እንጨት ደግሞ ለነቀዝና ለምስጥ በቀላሉ አይበገርም። ሰው ሲወጣ እሳቱ ይጠፋል፤ እሳቱ ሲጠፋ ተባዩ ይገባል። የተሰነጠቀውን አፈር የሚደለድል ሲታጣ ዝናቡ ወደ ግድግዳው ጭቃ ይወርዳል፤ ጭቃው ሲታጠብ ድንጋዩ ይናዳል። ስለዚህ የእንዲህ ያለ ቤት የመጀመሪያው ጠጋኝ ከከተማ የሚመጣ ባለሙያ ሳይሆን፥ ማታ ማታ እሳት የምታነድደው እናትና ከክረምት በፊት ጣራ ላይ የሚወጣው አባት ናቸው።

ለዚህ በአገራችንም በውጭ አገርም ማስረጃ አለ። በላሊበላ በውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ምድርና ፎቅ ያላቸው ክብ የድንጋይ ቤቶች አሉ። አብያተ ክርስቲያናቱ በዓለም ቅርስነት በፈረንጅ አቈጣጠር በ1978 ተመዝግበዋል። በኋላም ለስፍራው ጥበቃ ሲባል በአጠገባቸው የነበሩት ነዋሪዎች ተነሥተው ወደ ሌላ ሰፈር እንዲሄዱ ተደረገ። አብያተ ክርስቲያናቱ ከጭስና ከቆሻሻ ፍሳሽ መጠበቃቸው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን እነዚያ ክብ ቤቶች ሰው አልባ ሆነው ቀሩ። ቤቱ ቆሟል፤ ልጅ የሚያለቅስበት፥ ቡና የሚቈላበት መንደር መሆኑ ግን ቀርቷል።

የኮንሶን ደግሞ ተመልከቱ። የኮንሶ ሕዝብ በድንጋይ አጥር የተከበቡ መንደሮችና በድንጋይ የተደገፉ እርከኖች አሉት። ይህ የ55 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፍራ በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ፥ ከ400 ዓመት በላይ ለ21 ትውልድ ሲተላለፍ የኖረ ሕያው ባህል መሆኑ ተመስክሮለታል። እርከኑ እስከ ዛሬ የቆየው አንድ ጊዜ በደንብ ስለ ተሠራ አይደለም። ገበሬው ማሽላውን የሚዘራበት ስለ ሆነ፥ የተናደውን ድንጋይ በየጊዜው አንሥቶ መልሶ ስለሚክበው ነው። የሚጠቅመውን ነገር ሰው ሳይታዘዝ ይጠብቃል።

በምዕራብ አፍሪካ በማሊ አገር ጄኔ የምትባል ከተማ አለች። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1907 የተሠራው ታላቁ መስጊድዋ በሙሉ የጭቃ ሥራ ነው። የከተማው ሕዝብ በየዓመቱ በአንድ ቀን ተሰብስቦ ወጣቱ ጭቃ እየተሸከመ፥ ግንበኛው እየለሰነ፥ መስጊዱን እንደ አዲስ ይመርገዋል። ሥራው የበዓል ያህል ነው። እኛም በደቦና በጅጌ የምንሠራ ሕዝብ ስለ ሆንን ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ሆኖም የጄኔን ሌላ ገጽ መደበቅ አይገባኝም። ከተማይቱ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1988 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበች በኋላ አንዳንድ የቤት ባለቤቶች ወለላችንን በሸክላ ንጣፍ እንዳናነጥፍ፥ ቤታችንን ለኑሮ እንዲመች አድርገን እንዳንለውጥ ተከለከልን ብለው አማርረዋል። መስጊዱን በደስታ የሚመርገው ሕዝብ የራሱ ቤት ለጎብኚ ዓይን ብቻ ሲሆን ደስታው ይጠፋል። የሾንኬው አዛውንት በአንድ ዓረፍተ ነገር የነገሩኝም ይህንኑ ነበር።

አንዳንድ ሰዎች «ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ጎብኚ ይምጣ፥ ገንዘብ ይግባ፥ መንደሩ በራሱ ይጠበቃል» ይላሉ። ጎብኚ መምጣቱን እኔም አልጠላም። ነገር ግን በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ መጣ፤ ከዚያም ጦርነቱ ተከተለ፤ ጎብኚውም ቀረ። ኑሮውን በጎብኚ ላይ ብቻ የመሠረተ ሰው ምን እንዳገኘው ያየነው ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል። በመስታወት ሣጥን ውስጥ ያለ ቅርስ ተነሥቶ ሊወሰድ ይችላል፤ ሰው የሚኖርበትን መንደር ግን በመኪና ጭኖ የሚሄድ ሌባ የለም። መንደርን የሚዘርፈው ቀስ ያለ ሌባ ነው፤ እርሱም የውሃ ጥማት፥ የመንገድ ርቀትና የሥራ ማጣት ነው። በዚህ ሌባ ላይ ዘበኛ ቢቆም አይረዳም።

ሌሎች ደግሞ «ወጣቱ ወደ ከተማ መሄዱ ሥልጣኔ ነው፤ የድንጋይ ቤትን ይዞ መቈዘም ኋላ ቀርነት ነው» ይላሉ። ወጣቱ ሥራ ወዳለበት መሄዱን ማንም ሊከለክለው አይገባም። በኮምቦልቻ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ከየገጠሩ የመጡትን ተቀብሏል፤ ደግ ነው። ነገር ግን ፈልጎ መሄድና መቅረት ሲያቅት መሄድ አንድ አይደሉም። ዛሬ ከሾንኬ የሚወርደው ሰው ምርጫ ቀርቦለት አይደለም የወረደው። ውሃ በተራራው ላይ ቢኖርለት፥ የታመመ ሰው የሚወርድበት መንገድ ቢበጅለት፥ ከዚያ በኋላም እወርዳለሁ ቢል ውሳኔው የራሱ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ግን በዚያ አሪፍ ቤት ውስጥ መኖርን የሚመርጥ ብዙ ሰው ይገኛል።

ከቤቱ ጋር የሚጠፋ ሌላም ነገር አለ፤ እርሱም ቋንቋ ነው። ብዙዎቹ አርጎባዎች በጊዜ ብዛት በአማርኛና በኦሮምኛ ወደ መናገር ተሻግረዋል። በሾንኬና በጎረቤቷ በጦለሃ ግን አርጎብኛ እስከ እኛ ዘመን ሲነገር ኖሯል፤ የቋንቋ ሊቃውንትም ከሩቅ አገር መጥተው አጥንተውታል። እያንዳንዱ ምሰሶ፥ ወራጅ፥ መደብና የማዕዘን ድንጋይ በዚያ ቋንቋ የራሱ ስም አለው። ቤቱ በብሎኬትና በቆርቆሮ ሲለወጥ ለእነዚያ ስሞች ቦታ አይቀርላቸውም። ልጁ ምሰሶውን ካላየ የምሰሶውን ስም ከማን ይማረዋል?

ታዲያ ምን ይደረግ? በበኩሌ ሦስት ነገሮችን አቀርባለሁ።

አንደኛ፥ ውሃ ይቅደም። ለጎብኚ የሚሆን ሰሌዳ ከመተከሉ፥ ማረፊያ ከመሠራቱ በፊት ውሃ ወደ ተራራው ይውጣ። ዛሬ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ መሳቢያ በብዙ የገጠር ቀበሌዎች ውሃ ሽቅብ ይገፋል፤ ስለዚህ የማይቻል ነገር አልጠየቅሁም። ይህ ለቅርስ ጥበቃ ከተመደበ ገንዘብ ቢወጣ እንኳ አላግባብ ወጣ ሊባል አይገባውም። በእኔ አስተያየት ለሾንኬ ጣራዎች የመጀመሪያው ጥገና የውሃ ቧንቧ ነው።

ሁለተኛ፥ የጥገናው ዋጋ በአንድ ድኻ አባት ትከሻ ላይ ብቻ አይውደቅ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቍጥር 209 ቅርስ የያዘ ሰው ቅርሱን የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል፤ ወጪው ከባለቤቱ ዐቅም በላይ በሚሆንበት ጊዜ ግን መንግሥት ሊረዳው እንደሚችል አብሮ ይናገራል። ግዴታውን ሁላችንም በቃላችን ይዘነዋል፤ የዕርዳታውን ነገር ግን የሚያነሣው ጥቂት ነው። የሾንኬ ሽማግሌዎች ደመወዝ እየተከፈላቸው የድንጋይ ካቡንና የጣራውን ሥራ ለወጣት ቢያስተምሩ፥ ጣራውም ይታደሳል፤ ወጣቱም ሙያ ይይዛል። በአካባቢያችን ያሉ የሙያ ትምህርት ቤቶች ስለ ሲሚንቶ እንደሚያስተምሩ ሁሉ ስለ ጭቃና ስለ ድንጋይ ካብ ቢያስተምሩ ምን ይጐድልባቸዋል?

ሦስተኛ፥ ባለቤቱ ይጠየቅ። የትኛው ቤት እንዳለ ይቈይ፥ የትኛው ይሻሻል፥ ቆርቆሮ የት ይግባና የት አይግባ ሲባል፥ ውሳኔው ከነዋሪዎቹ ጋር ይሁን። መስኮት ሰፋ ቢል፥ የጢስ መውጫ ቢበጅ፥ መብራት ቢገባ ቅርስነቱ አይጠፋም። አባቶቻቸውም ቢሆኑ በየዘመናቸው እያሻሻሉ ነው ለዚህ ያደረሱት። ከፍላጎቱ ውጭ የተጠበቀ ቤት ባለቤቱ ዞር ባለ ቀን ይፈርሳል።

እነዚህ ሦስቱ የመንግሥትና የታላላቆች ሥራዎች ናቸው ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ተማሪ የውሃ ቧንቧ መዘርጋት አይችልም። ነገር ግን ከእኛ የሚጠበቅ አንድ ሥራ አለ፤ እርሱም ሳይፈርስ መመዝገብ ነው። ከመካከላችን በክረምት ዕረፍት ወደ ቃሉ፥ ወደ ተሁለደሬ፥ ወደ አምባሰል፥ ወደ ወረባቦ፥ ወደ ኩታበር፥ ወደ ለጋምቦና ወደ ተንታ የማይሄድ ጥቂት ነው። እያንዳንዳችን አንድ ደብተርና አንድ ሜትር ይዘን እንሂድ። በመንደራችን ያለውን አንድ አሮጌ ቤት፥ መስጊድ ወይም ቤተ ክርስቲያን እንለካ፤ የወለሉን ንድፍ እንሳል፤ በየኪሳችን ባለው ስልክ ፎቶግራፍ እናንሣ። ሽማግሌዎቹን ማን እንደ ሠራው፥ እንጨቱ ከየት እንደ መጣ፥ እያንዳንዱ ክፍል ምን እንደሚባል እንጠይቅ፤ የሚሉንን በሚሉት ቃል እንጻፈው። ስንመለስ ደብተሮቹ በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ይቀመጡ፤ ከመካከላቸውም የተሻሉት በሚቀጥለው ዓመት በዚህ መጽሔት ላይ ይውጡ። መዝገብ ቤት አያቆምም፤ ነገር ግን ያልተመዘገበ ነገር ሲጠፋ መጥፋቱን እንኳ የሚያውቅ አይኖርም።

እኔ የአያቴ የሣር ቤት ከመፍረሱ በፊት አንድም ነገር አልጻፍሁም። ዛሬ ክዳኑን ማን እንደ ከደነው፥ ምሰሶው የጽድ ይሁን የወይራ ልናገር አልችልም። አያቴን በዚህ ወር ጠይቄአቸው ነበር፤ ጥቂቱን ነገሩኝ፤ የቀረውን ግን እርሳቸውም ረስተውታል። የቆርቆሮው ቤት ለእርሳቸው ተመችቷቸዋል፤ በመሠራቱም አልጸጸትም። የምጸጸተው ስለ ደብተሩ ነው።

ወላጆቻችን ሆይ፥ ስለ ድሮ ቤት ስንጠይቃችሁ «ይህ ምን ያደርግልሃል፤ ትምህርትህን አጥና» አትበሉን፤ ይህም ትምህርት ነው። መምህራኖቻችን ሆይ፥ በሚቀጥለው ዓመት የታሪክ ጉብኝት ሲታሰብ ከሩቁ አስቀድሞ ቅርቡ ይታሰብ። ከታሰበም አንድ ነገር እለምናለሁ፤ ወደ ሾንኬ ስንሄድ እያንዳንዳችን ከታች አንድ አንድ ጀሪካን ውሃ ይዘን እንውጣ። ጣራውን የምናይበት ዓይን ያን ጊዜ ይለወጣል፤ አዛውንቱም ስለ ቆርቆሮው ሊነጋገሩን ቃል ገብተውልኛል።